ዴሉክሱ ስንት ሄክታር ይበላል?

እንጀራዬ ማርኬቲንግ ነው። አንድን ዕቃ ‹ኖርማል› እና ‹ዴሉክስ› ብሎ ከፍሎ መሸጥ ምን እንደሆነ ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ተምሬዋለሁ፤ ላለፉት ስምንት ዓመታትም ሠርቼበታለሁ። ዘዴው ያን ያህል የተወሳሰበ አይደለም። ከኖርማሉ ላይ ገዢው አጥብቆ የሚፈልገውን አንድ ወይም ሁለት ነገር ታነሳላችሁ። ያንን ያነሳችሁትን ማንም ካልጠየቃችሁ ሌላ አሥር ነገር ጋር ትጠቀልሉና ‹ዴሉክስ› የሚል ስም ትሰጡታላችሁ። ሰውየው ለአንዷ ሲል አሥሩን ይገዛል። የሠርግ አዳራሽም፣ የልጆች ጋሪም፣ የሞባይል ጥቅልም የሚሸጠው እንዲሁ ነው። ትራክተርም ከዚህ የተለየ አለመሆኑን ያየሁት ባለፈው ዓመት፣ ለቤተሰባችን ትራክተር ለመግዛት ከታናሽ ወንድሜ ጋር አዲስ አበባ ውስጥ ከአንዱ ማሳያ ወደ ሌላው ስንዞር ነው።

መጀመሪያ ስለ መሬቱ ልንገራችሁ። ቤተሰቦቼ የሚኖሩት አርሲ፣ በአዳማና በአሰላ መካከል፣ ከኢተያ ከተማ ወጣ ብሎ ነው። በአባባና በሁለት አጎቶቼ ስም ያለው ይዞታ ሲደመር ስድስት ሄክታር ገደማ ይሆናል። ስንዴ፣ ገብስ፣ እያፈራረቁ ደግሞ ባቄላ ይዘሩበታል። ከመሬቱ ግማሹ ዋልካ ነው። ዋልካ በበጋ እንደ ጡብ ይደርቅና እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ደግሞ የረገጠውን ሰው ጫማ ይዞ ያስቀራል። በሁለቱ መሀል፣ ለማረስ የሚመች እርጥበት የሚኖረው ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው። ያ ጊዜ ካለፈ አለፈ።

በእኛ አካባቢ ማሽን ብርቅ አይደለም። ስንዴው ሲደርስ ኮምባይነር እየተከራየ ይታጨዳል፤ የሚያርስ ትልልቅ የኪራይ ትራክተርም አለ። ችግሩ ባለትራክተሩ መጀመሪያ የሚሄደው ሰፊ ማሳ ወዳለው ሰው መሆኑ ነው፤ አልፈርድበትም፣ እኔም ብሆን እንደዚያው አደርግ ነበር። ለትንሽ ማሳ ተራው ሲደርስ ዋልካው ወይ ደርቋል ወይ ጨቅይቷል። አባባ ዕድሜያቸው 68 ነው። ከሁለት ጥማድ በሬያቸው አንዱ አርጅቷል፤ የእሳቸውም ወገብ እንደዚያው። ወንድሜ 24 ዓመቱ ነው፤ በቴክኒክና ሙያ አውቶሞቲቭ ተምሮ ተመርቆ ቁጭ ብሏል። ‹‹ወይ ባጃጅ ግዙልኝ፣ ወይ አዲስ አበባ እመጣለሁ›› ማለት ከጀመረ ሁለት ዓመት አልፎታል። ገንዘቡ የታላቅ እህታችን ነው። ሜሪላንድ ውስጥ አዛውንቶችን እየተንከባከበች ለአሥራ አንድ ዓመት ያጠራቀመችው ነው። ባጃጅ የሚለውን አልሰማም አለች። ‹‹ትራክተር ከሆነ እልካለሁ፤ መምረጡን ግን አንቺ ያዢው፣ የንግድ ሰው አንቺ ነሽ›› ብላ ነገሩን እኔ ላይ ጣለችው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲመራ ከተደረገ በኋላ የእሷ ዶላር በብር ሲመነዘር በዛ፤ የትራክተሩም ዋጋ አብሮ ወጣ። ስለዚህ ከዚያ የተረፈ ብዙም ነገር አልነበረም።

ማሳያው ውስጥ መጀመሪያ ዓይናችን ያረፈው በር ላይ በቆመ፣ ጎማው ከእኔ በሚበልጥ ግዙፍ ትራክተር ላይ ነው። ዋጋው ሲነገረን ወንድሜ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ለምን እዚያ እንደቆመ አውቃለሁ። እሱን ያየ ሰው ከኋላ ያሉትን ሲያይ ሁሉም ይረክሱበታል። ሻጩ ጎበዝ ልጅ ነው። ትራክተሩን የሚያብራራው ለወንድሜ ነበር፤ ዋጋውን ሲናገር ግን ወደ እኔ ይዞራል። ቦርሳውን የያዘው ማን እንደሆነ የገባው ይመስለኛል።

ለእኛ የሚሆነው ኮምፓክት የሚባለው ትንሹ ትራክተር ነው፤ በጥቅሉ ከ25 እስከ 50 የፈረስ ጉልበት ባለው ክልል ውስጥ የሚመደበው። ከፊታችን ሁለት ቆመዋል። የሁለቱም ሞተር አንድ ነው፣ 35 የፈረስ ጉልበት። ከኋላ ማረሻ የሚሸከሙበት ክንድ አንድ ነው። በደቂቃ 540 ጊዜ እየዞረ መውቂያና የውኃ ፓምፕ የሚያንቀሳቅሰው ዘንግም በሁለቱም አለ። ኖርማሉ በኋላ ጎማው ብቻ የሚነዳ፣ በክላችና በማርሽ የሚሠራ፣ ከላይ የቆርቆሮ ጥላ ብቻ ያለው ነው። ዴሉክሱ በአራቱም ጎማ ይነዳል፤ ባለመስታወት ካቢን፣ ኤሲ፣ ሬዲዮ፣ ስፕሪንግ ያለው ወንበርና ሃይድሮስታቲክ የሚባል ማርሽ የሌለው አነዳድ አለው፤ ሞተሩን የሚከታተል ስክሪንም ተገጥሞለታል። ዋጋው ከኖርማሉ በግማሽ ይበልጣል። ለአባባ በሚገባቸው ቋንቋ ስተረጉመው፣ ልዩነቱ አምስት ጥማድ በሬ ነው።

ወንድሜ ካቢኑ ውስጥ ገብቶ በሩን ሲዘጋ ፊቱ ተለወጠ። ይህን ቀለል አድርጌ ላልፈው አልፈልግም። ገጠር ለቀረ ወጣት ያ ካቢን ኤሲ ብቻ አይደለም፤ የቢሮ ወንበር ነው። አብሮ አደጎቹ ከከተማ ሲመጡ በአቧራ ተሸፍኖ ሳይሆን መስታወት ዝቅ አድርጎ ሰላም የሚላቸው እሱ ነው። እኛ ማርኬተሮች የምንሸጠው ይህንን ነው፤ ስለምንሸጠውም ብቻ ውሸት ነው ማለት አይደለም። ካቢኑ ለጤናም ይጠቅማል፦ የመውቂያ አቧራ ሳንባ ይጎዳል፣ የሞተር ጩኸት ውሎ አድሮ ጆሮ ያደነቁራል። ስለዚህ ቤት ገብቼ ብሮሸሩን ዘረጋሁና ከእያንዳንዱ መስመር አጠገብ አንድ ጥያቄ ጻፍኩ። ይህን የጠየቀው የኛ ማሳ ነው ወይስ ሌላ ሰው?

ሃይድሮስታቲኩን የጠየቀው ሌላ ሰው ነው። መልሱን ያገኘሁት ከእህቴ ቪዲዮ ነው። የምትንከባከባቸው አዛውንት ልጅ ከከተማ ወጣ ብሎ ሰፊ ግቢ አለው። በእንዲህ ዓይነት ትራክተር በበጋ ሣር ያጭድበታል፣ በክረምት በረዶ ይዝቅበታል። ፔዳሉን ረገጥ ሲያደርገው ወደፊት፣ መለስ ሲያደርገው ወደኋላ፤ ክላች የለም። በቀን መቶ ጊዜ ወደፊትና ወደኋላ ለሚል ሰው ግሩም ነገር ነው። ኩቦታ አሜሪካ ውስጥ ከተራው የኤል ተከታታይ በላይ ‹ግራንድ ኤል› የሚለውን ባለካቢን ኮምፓክት የሚሸጠው በአብዛኛው ለእንዲህ ያለ ሰው ነው፤ ሰኞ ቢሮ ገብቶ ቅዳሜ ትራክተር ለሚነዳ። አስቂኙ ነገር፣ ያ ሰው ከወንድሜ ይልቅ እኔን ይመስላል። ማሳ ላይ ግን ነጂው አንዴ ማርሽ ካስገባ ጥግ እስኪደርስ አይነካውም። ሃይድሮስታቲክ ደግሞ ከሞተሩ ጉልበት ላይ የተወሰነውን በሙቀት ያባክናል፤ ንጹሕ ዘይትና የራሱን ፊልትሮ በሰዓቱ ይፈልጋል። ኢተያ ላይ ያ ፊልትሮ ቢጠፋ ምን እንደሚሆን ሻጩን ስጠይቀው ‹‹እኛ ጋ ሁሌም አለ፣ እህቴ›› አለኝ። እኛ ጋ ማለት አዲስ አበባ ነው። ስክሪኑም እንዲሁ፤ ሴንሰሩ ሲበላሽ ኮምፒውተር የያዘ ሰው ከአዲስ አበባ መምጣት አለበት። የኖርማሉን ሞተር ግን አሰላም አዳማም ፈትቶ የሚገጥም መካኒክ ሞልቷል፤ ግማሹን ወንድሜ ራሱ ይፈታዋል።

በአራቱም ጎማ መነዳቱን የጠየቀው ግን ዋልካው ነው። ትንሽ ትራክተር ክብደት የለውም፤ ጉልበቱ ቢኖርም ጎማው መሬቱን ካልነከሰ ባለበት ይሽከረከራል። የኋላ ጎማዎችን ሦስት አራተኛ ያህል ውኃ በመሙላት ክብደት መጨመር ይቻላል፤ የቆዩ ኦፕሬተሮች ሁሉ የሚያውቁት ነገር ነው። እርጥብ ዋልካ ላይ ግን የፊቱ ጎማ ካልጎተተ ውኃውም ብቻውን አይበቃም። እንግዲህ ከኖርማሉ ላይ የተነሳችው ‹‹አንዷ ነገር›› ይቺ ነበረች።

ሌላም ነበረች፤ እሷን ማንም አላስተዋላትም። ኖርማሉ ላይ ያለው የቆርቆሮ ጥላ ከፀሐይ ይከላከላል እንጂ ትራክተሩ ቢገለበጥ እንደ ወረቀት ይጨመታተራል። የዴሉክሱ ካቢን አጥንቱ ብረት ነው፣ ይይዛል። ያለ ካቢን ደግሞ ሮል ባር የሚባል ከወንበሩ ኋላ የሚቆም የብረት ቅስት አለ፤ ከደህንነት ቀበቶ ጋር ከታሰረ ነጂውን ከሥር ከመጨፍለቅ ያድነዋል። የመሬታችን አንዱ ጫፍ ወደ ወንዝ ያዘቀዝቃል። ስለ ትራክተር አደጋ ሳነብ፣ አዲስ ትራክተር ያለዚህ መከላከያ እንዳይሸጥ ቀድማ የከለከለችው ስዊድን እንደሆነች አገኘሁ፤ እ.ኤ.አ. በ1959። ማታ በስልክ ለአባባ ይህን ስነግራቸው ‹‹ስዊድን›› የሚለውን ስም ሲሰሙ ዝም አሉ። ከዚያም ሰምቼው የማላውቀውን ነገር ነገሩኝ።

የአርሲ ሽማግሌ ሁሉ ስዊድንን የሚያውቃት በካዱ ነው። ካዱ በ1960ዎቹ በስዊድን ዕርዳታ አሰላን ማዕከል አድርጎ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ፕሮጀክት ነው። ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያና ብድር ይዞ የመጣው ትንሹን ገበሬ ለመርዳት ነበር። ስንዴ ትርፍ እንዳለው ሲታይ ግን ባለርስቶቹ ትራክተር እየገዙ መሬቱን ራሳቸው ማረስ ጀመሩ፤ ጭሰኛውም ተነሳ። አያቴ ጭሰኛ ነበሩ። ባለርስታቸው ሁለት ትራክተር ያመጣ ዓመት ‹ከመከሩ በኋላ ቤትህን አንሳ› ተባሉ። አባባ የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ወጥቶ እስኪመለሱ ድረስ አራት ዓመት በየዘመዱ ቤት አደሩ። ‹‹ትራክተሩን እኔ ጠልቼው አይደለም›› አሉኝ። ‹‹ሲያርስ ቆሜ አየው ነበር። ደስ ይላል። ያኔ የተነሳነው ትራክተር ስለመጣ አልነበረም፤ ለትራክተሩ የኛ ቁራሽ ስላስፈለገው ነው።››

በማግስቱ ኤክሴል ከፍቼ ሒሳቡን ስሠራ ይህ ንግግር ከጆሮዬ አልወጣም። ሒሳቡን ባጭሩ ላካፍላችሁ፤ እንዲህ ዓይነት ግዢ ፊታችሁ ካለ ቁጥሩን በራሳችሁ እየቀየራችሁ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ። ሁለት ዲስክ ያለው ማረሻ ግማሽ ሜትር ያህል ስፋት ይቆርጣል። በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ቢሄድ በሰዓት ሩብ ሄክታር ማለት ነው። መታጠፊያው፣ ነዳጅ መሙላቱ፣ ድንጋይ ማንሳቱ ሲቀነስ በቀን አንድ ሄክታር ተኩል ካረሰ ጥሩ ነው። ወንድሜና አባባ ቁጭ ብለው ሲቆጥሩ፣ አፈሩ ለትራክተር የሚመቸው በዓመት 40 ቀን ያህል ሆነ። ድምሩ 60 ሄክታር። የኛው ስድስት ሄክታር ሁለቴ ሲታረስ 12 ይወስዳል። ለሰው በኪራይ ሊታረስ የሚችለው 48 ነው። ከዚያ በላይ የሚሆን ቀን የለም፤ ኤሲ ቢኖርም ባይኖርም።

ከዚያ ተሳቢውንና ማረሻውን በሁለቱም ላይ ደምሬ፣ ለራሳችን የሚያስቀርልንን ወጪ ቀንሼ፣ ገንዘቡ በአምስት ዓመት እንዲመለስ ስንት ሄክታር የሰው ማሳ ማረስ እንዳለበት አወጣሁ። ኖርማሉ 35፣ ዴሉክሱ 65። ዴሉክሱን ለመግዛት የእህቴ ገንዘብ ስለማይበቃ የጎደለውን በካፒታል ዕቃ ሊዝ መያዝ ይጠይቃል፤ ስለዚህ በየወሩ የሚቆጠር ዕዳም አለበት።

ወንድሜ ሰነፍ አይደለም። 65 እና 48 እንደማይገናኙ ወዲያው ገባውና መፍትሔ አመጣ። ጎረቤት በሬ የሌላቸው አሉ፤ ሁለቱ ባላቸው የሞተባቸው እናቶች ናቸው። መሬታቸውን በኮንትራት ወይም በእኩል እንይዝና እናርሰዋለን አለ። ከኪራይ እርሻ ይልቅ ከራስ ምርት የሚገኘው ይበልጣል፤ በወረቀት ላይ ትክክል ነው። እኔም አስልቼ አየሁት፣ ይሠራል። በሕግም ችግር የለውም፣ ሰው መሬቱን ለተወሰነ ጊዜ ማከራየት ይችላል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ኢተያ ወርደን፣ እራት ከተበላ በኋላ ወንድሜ ይህንን ሲያስረዳ አባባ እስኪጨርስ ጠበቁት።

‹‹ትራክተሩ ከፍ ሲል ይርበዋል›› አሉ። ‹‹ሲርበው መጀመሪያ የማንን መሬት እንደሚበላ እኔ አውቃለሁ። በኪራይ እረስላቸው፣ ገንዘባቸውን ተቀበል። መሬታቸውን ግን አትያዝ።››

ወንድሜ ‹‹እኛ ባንይዘው ሌላ ሰው ይይዘዋል›› አለ። እውነቱን ነው፤ አባባም አልካዱትም። ‹‹ይያዘው›› አሉ ብቻ። አጎቶቼ መሬት መሬት አዩ። እማዬ ቡናውን ቀድታ ስታበቃ፣ ይህ ሁሉ ክርክር ምንም እንዳልመሰላት ሁሉ፣ ‹‹ለመሆኑ ጋሪ አለው ወይ?›› አለች። ከዴሉክሱ ዝርዝር ውስጥ እሷ የምትፈልገው አንድም አልነበረም። የምትፈልገው ተሳቢውን ነው። እህል ወፍጮ ቤት የሚያደርስ፣ በበጋ የውኃ በርሜል የሚጭን፣ ገበያ ቀን ጎረቤቱን ሁሉ አሳፍሮ የሚሄድ። ለሰላሳ ዓመት ጀርባዋ የሠራውን ሥራ ብሮሸሩ ‹አማራጭ መለዋወጫ› ብሎ በመጨረሻው ገጽ ጥግ ላይ አስፍሮታል።

ከዚያ በኋላ የቀረው የኔ ሥራ ነበር። ወደ ሻጩ ተመልሼ ኖርማሉን ከፊትም ከኋላም የሚነዳ አድርገህ፣ ሮል ባርና ቀበቶ ጨምረህ ስጠኝ አልኩት። ‹‹እንደዚያ አይሸጥም፣ ወይ ይሄን ወይ ያን ነው›› አለኝ። የፋብሪካውን የማዘዣ ዝርዝር አሳየኝ አልኩት። ብሮሸርና የማዘዣ ዝርዝር አንድ እንዳልሆኑ ብሮሸር ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሁለት ቀን ፈጀበት፤ ኮዱን አገኘው። ከኖርማሉ ላይ የአንድ ጥማድ ተኩል በሬ ዋጋ ጨመረ፤ ሦስት ወርም ጠበቅን። ሒሳቡን እንደገና ሳስገባው 44 ሄክታር ወጣ። ከ48 በታች ነው፤ ጠባብ ነው ግን ይገባል። የእህቴ ገንዘብም ለተሳቢውና ለማረሻው በቃ፤ ከዚያ የተረፈው ለአንድ ዓመት የሚሆን የዘይትና የነዳጅ ፊልትሮ ተገዛበት። ዕዳ አልገባንም። እኔ በበኩሌ ለወንድሜ የጆሮ መከላከያና ደህና የአቧራ ጭምብል ገዛሁለት። የጆሮውን ያደርገዋል፣ ጭምብሉን ግን ሰው ሲያየው ያወልቀዋል።

ሊብሬው በማን ስም ይሁን የሚለው ሌላ የቤተሰብ ስብሰባ ጠየቀ። እህቴ ‹‹በሚነዳው ስም›› አለች፤ አባባ ትንሽ ቅር አላቸው፣ በኋላ ተቀበሉ። ወንድሜ የማሽነሪ መንጃ ፈቃድ አወጣ። ባጃጅ የሚለውን ቃል ካነሳ ስድስት ወሩ ነው። ካቢኑን ግን አልረሳውም፤ አልፎ አልፎ ስልኩ ላይ ቪዲዮውን ሲያይ አገኘዋለሁ።

ትራክተሩ ከመጣ አንድ የእርሻ ወቅት አልፏል። በሃምሳኛው ሰዓት የመጀመሪያውን ሰርቪስ ወንድሜ ራሱ አደረገው። ለሰው ያረሰው 39 ሄክታር ነው፤ ከታሰበው አምስት ያንሳል። ለነዳጅ በጀሪካን መቅጃ ደብዳቤ ሲያመላልስ ያጠፋቸው ቀናት በእኔ ኤክሴል ላይ አልነበሩም፤ ለዘንድሮ አስገብቻቸዋለሁ። እርጥቡ ዋልካ ላይ ሁለት ጊዜ ሊይዘው ሲል የፊት ጎማው ጎትቶ አውጥቶታል። አባባ ያረጀውን ጥማድ ሸጡ፤ ሌላኛው አለ። የመጀመሪያውን እርሻ ትራክተሩ ያርሳል፣ ዘር ማልበሱንና ወንዙ ዳር ያለውን ዳገት በሬዎቹ ይሠሩታል። ለሁለቱ እናቶች በኪራይ ታርሶላቸዋል። አንደኛዋ ከምርት በኋላ እከፍላለሁ ብለው ነበር፣ ከፍለዋል። የሁለተኛዋን መሬት ግን ወንድሜ እንዳለው ሌላ ባለትራክተር በኮንትራት ይዞታል፤ ለሦስት ዓመት። አባባ ይህን ሲሰሙ ምንም አላሉም፤ ወንድሜም ‹‹ብያችሁ ነበር›› አላለም።

ከዴሉክሱ የቀረብን አንድ ነገር ወንበሩ ነው። የኖርማሉ ወንበር ቀጥ ያለ ብረት ላይ የተለጠፈ ስስ ስፖንጅ ነው፤ ወንድሜ ከስምንት ሰዓት እርሻ በኋላ ሲወርድ አረማመዱ አባባን መምሰል ጀመረ። ይህን በ24 ዓመቱ ማየት አልፈለግኩም። ባለፈው ቅዳሜ ምናለሽ ተራ ሄጄ ከአሮጌ የጭነት መኪና የወጣ ባለስፕሪንግ ወንበር ተከራክሬ ገዛሁና በአሰላ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጭኜ ላክሁለት። ብሎኑ አልገጠመም ብሎ ደወለ፤ ቀዳዳውን አሰላ ወስዶ ያስበሳዋል።